የታጁራ መርከብ

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት መድኃኒት ቤት ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስልኳን አስጠግታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ባልና ሚስት ካሪቢያን በሚባለው ባሕር ላይ በመርከብ ይዝናናሉ። መርከቡ አንድ ሰፈር ያህላል፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርቦ አናቱ ላይ መዋኛ አለው። ባልና ሚስቱ አንዱ ደሴት ላይ ወርደው አሸዋው ላይ ይጋደማሉ፣ ተመልሰው ይሳፈራሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ደሴት። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች።

"እኔም ከባለቤቴ ጋር በመርከብ ሄጃለሁ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። ከጅጅጋ ተነስቶ በመርከብ ሄድኩ በሚል ሰው ባይሳቅ ነው የሚገርመው። ደንበኛ ገባና ወሬያችን ተቋረጠ፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እጄ መድኃኒት እየሰጠ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ነገሩ የሆነው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ጥር ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከደምሴ ጋር ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። ያንን ጊዜ ወጣትነቴ ብዬ ስጠራው እህቶቼ "አሁን ምን አረጀሽ?" ይሉኛል። ዓመቱ ሲታይ እውነታቸውን ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጆች መጥተዋል፣ አባቴም አርፏል፤ ያቺን ሴት ሳስባት ታናሽ እህቴን የማስብ ይመስለኛል።

ደምሴ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ደገሀቡር ተመድቦ ጂኦግራፊ ያስተምር ስለነበር የምንገናኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። እኔ በወታደር አባቴ ምክንያት ጅጅጋ ያደግኩ፣ ሶማልኛን ከአማርኛ እኩል የምናገር፣ ከሜዳውና ከአቧራው ርቄ የማላውቅ ነበርኩ። ስንተጫጭ "የማገባው ባሕር የሚያሳየኝን ነው" ብዬው ነበር፤ እንዲያው ለጨዋታ። እሱ አልሳቀም። "እሺ" አለኝ። ጫጉላችንን በወጉ ስላላየነው፣ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና አርሞ እንደጨረሰ ፓስፖርታችንን ይዘን ተነሳን።

ጥር ላይ የጅጅጋ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ለሆህ የሚባለውን የሶማሌ ስስ እንጀራ በቅቤና በማር በልተን፣ ጋቢ ደርበን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ካራማራን ስንሻገር መስኮቱ በትንፋሻችን ጭጋግ ለብሶ ነበር። ባቢሌ ላይ ትኩስ ለውዝ በወረቀት ጠቅልለው አቀበሉን፤ ሐረርን አልፈን ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ጋቢው ሸክም ሆነብን። እዚያ አድረን በማግስቱ ወደ ድንበሩ በሚሄድ መኪና ተሳፈርን።

ምሳ የበላነው አዲጋላ ነው። ቅመም የገባበት ሩዝ ከፍየል ሥጋ ጋር ቀረበልን፤ በሶማሌ ወግ ጎኑ ላይ ሙዝ አለ። ደምሴ መጀመሪያ ደገሀቡር የሄደ ሰሞን ሩዝ በሙዝ የሚበላ ሰው ሲያይ ይገርመው ነበር፤ አሁን የእኔንም ሙዝ ወስዶ በላ። ከምሳ በኋላ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በኩል ዞር ዞር አልን። የግድግዳው ቀለም ተልጧል፤ ሐዲዱ ላይ ፍየሎች ተኝተዋል።

"እዚሁ አድረን ብንመለስስ?" አለኝ።

"ባሕሩስ?"

"ባሕር የትም አይሄድም።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱም አብሮኝ ሳቀ።

ጅቡቲ የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ባሕሩ በሁለት መጋዘኖች መካከል ድንገት ታየኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። ምን እንዳስለቀሰኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ታጁራ የምትሻገረው መርከብ ላይ ወጣን።

የእኛ መርከብ ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት ዓይነት አይደለችም። ሆዷ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና፣ ፍየሎች፣ የሽንኩርት ጆንያዎችና የታሸገ ውሃ ይዛለች። ሰው ከጥላው ሥር አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ የናፍጣ ሽታና የጨው ሽታ ተቀላቅሎ ይመጣል። ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ መርከብ አልነበረም። ጠርዙ ላይ ያለውን ብረት ይዤ ቆምኩ። ውሃው ከሥር አረንጓዴ፣ ራቅ ሲል ሰማያዊ፣ ከዚያም ስሙን የማላውቀው ቀለም ነው።

"ደምሴ፣ ና እየው" አልኩት።

መሐል ላይ ካለው ምሰሶ ተጠግቶ ተቀምጧል። እጁን አወዛወዘልኝ እንጂ አልመጣም። ደግሜ ጠራሁት። ቀጥሎ ዶልፊኖች ከመርከቧ ጎን ብቅ አሉ፤ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲንጫጫ እሱ ብቻ አልተነሳም። በስንት ምኞት የመጣሁበትን ነገር የናቀብኝ መሰለኝ። ሄጄ ሰው እንዳይሰማን ጎንበስ አልኩና፣

"መምጣት ካልፈለግህ ለምን እሺ አልከኝ?" አልኩት።

"ከዚህም ይታየኛል።"

"ወለሉን እያየህ ነው የሚታይህ?"

ተመልሼ ጠርዙ ላይ ቆምኩ፤ ሆን ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ባሕር ፊቴ ተዘርግቶ ነበር፤ ንዴቱ ግን ጣሙን አጠፋብኝ።

ከደምሴ አጠገብ አንዲት በዕድሜ የገፉ የሶማሌ ሴት ተቀምጠው ነበር፤ ጨርቃ ጨርቅ ወደ ታጁራ ወስደው የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ተነስተው ወደ እኔ መጡና በሶማልኛ፣

"ያ ሰው ባልሽ ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ኤዶ" አልኳቸው። አክስቴ እንደማለት ነው፤ ለታላቅ ሴት እንዲህ ነው የምንለው።

"ባሕሩ ያመመው መስሎኝ ሎሚ ሰጥቼው ነበር። ሕመም አይደለም። እጁን አይተሽዋል?"

"አላየሁም።"

"እይው እስቲ። እኔ በዚህ ባሕር ስመላለስ ነው ያረጀሁት፤ የፈራ ሰው እጅ አውቃለሁ። አንቺ ዞር ስትይ ደግሞ ዓይኑን ካንቺ ላይ አያነሳም። የምትወድቂ ይመስለዋል።"

ዞር ብዬ አየሁት። ምሰሶውን የጨበጡት ጣቶቹ ደም የሌላቸው መስለዋል። ነፋሱ እየቀዘቀዘ ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል። አፈርኩ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ምን ሆንክ?" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም፤ ዝም ማለት ባሕሪዬ አይደለም።

"እዚያ ጠርዝ ላይ አትቁሚ" አለኝ ቀስ ብሎ።

"እሺ" አልኩት። ታጁራ እስክንደርስ የኤዶን የጨርቅ ጥቅሎች እያየን ተጓዝን።

ታጁራ ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች ያሏት ትንሽ ከተማ ናት፤ ፊቷ ባሕር፣ ጀርባዋ ተራራ። ክፍል ያዝንና ዓሣ ልንበላ ወጣን። ዓሣው ከራሱ እስከ ጅራቱ ለሁለት ተከፍቶ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በጋለ ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ ነው፤ ከስስ ትኩስ ቂጣ ጋር በእጃችን እንቆርሳለን። ግማሹን እንደበላን ደምሴ እጁን ሰበሰበ።

"ታደለ የሚባል ወንድም ነበረኝ" አለ።

ዓመት ሊሞላን ነው፤ ይህን ስም ሰምቼው አላውቅም። ደምሴ ዘጠኝ፣ ታደለ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ክረምት ላይ ተልከው ሲመለሱ ቦርከናን እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊሻገሩ ገቡ። መሐል ላይ ደራሽ ውሃ መጣ።

"ውሃው ነጠቀው ነው የሚባለው" አለኝ። "እጁን የለቀቅሁት ግን እኔ ነኝ። እናቴ ይህን አታውቅም።"

"ልጅ ነበርክ እኮ፣ ደምሴ።"

"እሱን አውቃለሁ። ማወቁ ግን አይጠቅመኝም።"

ዓሣው ቀዘቀዘ። "ታዲያ ለምን እሺ አልከኝ?" አልኩት። መርከቧ ላይ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው፤ ድምፄ ግን ያው አልነበረም።

"አንቺ ባሕር ስታዪ ማየት ፈልጌ ነው" አለ።

ፀሐይ ሲበርድ ወደ ዳርቻው ወረድን። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ። እጄን ዘረጋሁለት።

"እጄን አትያዢኝ" አለኝ። "ውሃ ውስጥ እጅ መያዝ ነው የሚያስፈራኝ።"

ብቻውን ገባ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ። ደረቁ አሸዋ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ምናልባት አምስት ደቂቃ ነው የቆየው፤ ለእኔ ግን ከጅጅጋ እስከዚያ የመጣንበትን መንገድ ያህል ረዝሞብኛል። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ሻይ ስንጠጣ ግን ኤዶ ዕቃቸውን ሲያስወርዱ ከተሸካሚዎቹ ጋር የገጠሙትን ክርክር እያስመሰለ አሳቀኝ።

ማግስቱን ከተማውን ስንዞር ዋልን። በሦስተኛው ቀን በማለዳ ቀሰቀሰኝና ዳርቻው ወረድን። ባሕሩ ፀጥ ብሏል። እስከ ጉልበቱ ገባና፣ ፊቱን ሳይመልስ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁና ያዝኩት። መዳፉ ቀዝቃዛ ነበር። ሁለታችንም መዋኘት ስለማንችል አንድ እርምጃ አልጨመርንም። አንድ ትንሽ ማዕበል መጥቶ እስከ ወገቤ አረሰረሰኝ፤ ደምሴ ጮክ ብሎ ሳቀ። እጄን ግን አልለቀቀም።

በመልሱ ጉዞ ጠርዙ ላይ አብረን ቆምን። በአንድ እጁ ብረቱን ጨብጦ፣ ምድር እዚህ ቦታ ላይ እንዴት እየተሰነጠቀች ባሕሩ እንደሚሰፋ ክፍል ውስጥ እንዳለ መምህር አስረዳኝ። ግማሹን እንኳ አልሰማሁትም። ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው።

ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘግቶ በነበረው ክረምት ኮምቦልቻ ሄድን። ደምሴ እናቱን ለብቻቸው ይዞ ነገራቸው። እማማ ሰምተው ሲጨርሱ፣

"በዚያኑ ቀን ነግረኸኝ ነበር እኮ፣ ልጄ" አሉት። "እያለቀስክ ነገርከኝ። ከዚያ ወዲያ ስላላነሳኸው፣ የረሳኸው መስሎኝ እኔም ዝም አልኩ።"

ልጅየው ሲያድግ መንገሩን ረሳ፤ ጥፋት ያለውን ብቻ ያዘ። እናትየውም እሱን እጠብቃለሁ ብለው ስንት ዓመት ዝም አሉ። ይህን ሳስብ ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ዘግይተውም ቢሆን መነጋገራቸው ደግሞ ደስ ይለኛል።

አሁን ደምሴ ወደ ጅጅጋ ተዛውሮ ያስተምራል። ከዚያ ወዲህ ባሕር አላየንም፤ ቀረብኝም አልልም። ትናንት ከሥራ ስመለስ በረንዳ ላይ ብቻውን ዝም ብሎ ተቀምጦ አገኘሁት። ድሮ ቢሆን "ምን አድርጌህ ነው?" ብዬ እጀምረው ነበር። ሰው ዝም ሲል ተቆጥቶ ብቻ የሚመስላት ሴት ነበርኩ። ቦርሳዬን አስቀምጬ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነፋሱ የግቢውን አቧራ ያዞራል፤ ልጆቹ ጓሮ ይጯጯሃሉ። ትንሽ ቆይቶ፣ ከደገሀቡር ስለመጣና ደገሀቡርን ራሷን ካርታ ላይ ፈልጎ ማግኘት ስላቃተው አንድ ተማሪ ያወራኝ ጀመር።