ሠላሳ ኪሎ የመዘነው ሎሪ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ውስጥ አንድ ክሊኒክ ተቀምጬ ወረፋዬን ስጠብቅ፣ የላብራቶሪውን ማሽኖች ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ቴክኒሻን ለነርሷ «ዲፎልቱን ለሁሉም አድርጌዋለሁ፤ አታስቢ» ሲላት ሰማሁ። ዲፎልት የሚሉት ሰው ካልለወጠው በቀር ማሽኑ በራሱ የሚይዘውን ቅንብር ነው። ሰውየውን አላውቀውም፣ ሥራውም አይመለከተኝም። ልቤ ግን ድንግጥ አለ።

እኔም እንዲሁ ብዬ ጉድ ስሆን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ ከጎንደር ወጥተው ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ነው ያሳደጉኝ። ካርቱም ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ፣ ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ የሰሊጥ ነጋዴ መጋዘናቸው ቀጠሩኝ። ሱዳኖች ትንሽ የተማረውን ሁሉ «ባሽሙሐንዲስ» ይሉታል፣ ዋና መሐንዲስ እንደማለት። መጀመሪያ ሰሞን ሲሉኝ አፍር ነበር። በሁለተኛው ወር ሳይሉኝ ሲቀሩ ቅር ይለኝ ጀመር።

የመጋዘኑ በር ላይ ሎሪ ከነጭነቱ የሚወጣበት አሮጌ ሚዛን ነበረ። የራሱ የቁጥር መስኮት በፀሐይ ጠቁሮ ስለማይነበብ፣ ክብደቱ በኔትወርክ ገመድ ቢሮ ወዳለው ኮምፒውተር ይሄድና ወረቀት ላይ ይታተማል። ሚዛኑ ያለው ማዶ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ከጎኑ የተሰካ ይመስለዋል። እንዲህ እንዲመስለው የሚያደርግ ፕሮግራም አለ፤ ለእያንዳንዱ ሚዛን ምናባዊ ፖርት፣ ማለትም በፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ ያለ መሰኪያ ይከፍትለታል፣ ሚዛኑ በምን ፍጥነትና በምን ዓይነት ምልክት እንደሚናገርም እዚያው ይሞላል።

በሩ ላይ የሚቆሙት መዛኝ አያ ደሳለኝ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በሎሪ ሾፌርነት የጨረሱ የአርማጭሆ ሰው። ጎማውን አይተው ብቻ «ይህ ከሃያ ሰባት ቶን አያልፍም» ይሉና ከኮምፒውተሩ ቁጥር እምብዛም አይርቁም። ይህ ችሎታቸው ያናድደኝ ነበር።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ ዝናቡ አቁሞ ጥቁሩ ዋልካ አፈር መሰንጠቅ ሲጀምር ወደ ድንበሩ የሚወስደው የዶካ መንገድ ይከፈታል። ያኔ ከተማው በሙሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል፤ የጠዋቱ ፉል እንኳ አዲስ የሰሊጥ ዘይት ሲፈስበት ሌላ ምግብ ይሆናል። ሐጅ ለዚያ አዝመራ ለኋላው በር አዲስ ሚዛን አስመጡና፣ በደንብ ከሠራልኝ ቋሚ አደርግሃለሁ፣ ካልሆነ ግን ከካርቱም ሰው እጠራለሁ አሉኝ።

አዲሱን ሚዛን ሳስገባ ሐጅ ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር። የዲፎልት ገጹን ከፍቼ የአዲሱን ሚዛን ቅንብር ሞላሁ። ፕሮግራሙም ይህ ለሁሉም ፖርቶች ይሁን ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሰው እያየህ «አይሁን» ማለት የማያውቅ ያስመስላል። «ይሁን» አልኩ። ሁለቱም ሚዛኖች ባዶ ነበሩና ዜሮ አሳዩ። ሐጅ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት በአሮጌው ሚዛን ላይ የወጣው የመጀመሪያው ሎሪ 30,560 ኪሎ መዘነ። ደስ አለኝ። ሁለተኛው ጫፍ እስከ ጫፍ ሰሊጥ የተጫነ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የታተመው ግን ዜሮ ነው። አቧራ ነው ብዬ ሚዛኑን አስጠረግሁ። እንደገና ዜሮ። ሦስተኛው ሙሳ የሚባል እዚያው ተወልዶ ያደገ የዶካ ሾፌር ነበር፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ባሽሙሐንዲስ» አለኝ በቀስታ፣ «እዚህ ሠላሳ ኪሎ ይላል። እኔ ብቻዬን ሰባ ነኝ።»

ሞተሩን እንዲያጠፋ ነገርኩት። አልሆነም። ከሎሪው እንዲወርድ፣ ቀጥሎም ወደኋላ ሄዶ እንዲመለስ አደረግሁት። ሠላሳ ኪሎ። ፀሐዩ ገመዱን አሞቀው አልኩ፤ ኔትወርኩ ተጨናንቋል አልኩ። ኔትወርኩ ላይ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ሰልፉ እስከ ዋናው መንገድ ደረሰ። ሾፌሮቹ ከሻይ ሻጯ ዙሪያ ተቀምጠው የየሎሪያቸውን ክብደት እያነጻጸሩ ይሳሳቁ ጀመር። ሐጅ ሰው ልከው ምን ሆነ ሲሉ፣ ትንሽ ማስተካከያ ነው ብዬ መለስኩ። ጥፋቱ ከትናንቱ «ይሁን» እንደመጣ በሆዴ ጠርጥሬያለሁ፤ ግን ያንን ከመናገር ፀሐይን መክሰስ ይሻላል።

ከቀትር በኋላ አያ ደሳለኝ ወደ ቢሮ ገቡና የተበላሹትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሯቸው።

«እይ እስቲ» አሉኝ። «ከጠዋት ጀምሮ አንድ የሚባል ቁጥር አልመጣም። ሁለትም፣ አራትም፣ ሰባትም፣ ስምንትም የለ። የሙሳ ሎሪ ሃያ ሰባት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ነው ብያለሁ፤ ሁለቱን፣ ሰባቱንና አራቱን አውጣና አንብበው።»

አወጣሁ። ሠላሳ ቀረ።

«ሚዛኑ ደኅና ነው» አሉ። «ጥርሱ እንደወለቀ ሽማግሌ አንዳንዱ ቃል ነው የሚያመልጠው። ወይም እሱ ይናገራል፣ ሰሚው አይሰማም።»

ሰሚው እኔ የሞላሁት ፖርት ነበር። አሮጌው ሚዛን በአንዳንድ ቁጥሮች ላይ የማረጋገጫ ምልክት ጨምሮ ይልካል፤ ምልክቱ የሚያርፈው በእነዚያ በአምስቱ ላይ ነው። የአዲሱ ሚዛን ቅንብር ይህን ስለማያውቅ፣ ፕሮግራሙ ምልክት ያለበትን ቁጥር ሁሉ ባዕድ ነው ብሎ ይጥለዋል። ዜሮ ምልክት ስለሌለበት ደግሞ ባዶው ሚዛን ትክክል መስሎ ታየኝ። ለአሮጌው ፖርት የራሱን ቅንብር ለብቻው መለስኩለት። ደቂቃ አልፈጀም። ሙሳ ተመልሶ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ 27,340 ታተመ። አያ ደሳለኝ ወረቀቱን እንኳ ዞር ብለው አላዩትም።

ሐጅ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። አልጮኹም። የጠዋቱ ሎሪዎች ሁሉ እንደገና ይመዘኑ፣ አንተም በሰልፉ ላይ እየሄድህ ለእያንዳንዱ ሾፌር «ጥፋቱ የእኔ ነው» በል አሉኝ። በዐረብኛም በአማርኛም አልኩ። አንድ የመተማ ሾፌር ደህና አልሰማሁም ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ እንደሰማ ግን ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። አዝመራው እስኪያልቅ ከአያ ደሳለኝ ጎን ሚዛኑ ላይ እንድቆም ተፈረደብኝ፤ ቋሚ የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው። ገበያው ውስጥ ግን «ባሽሙሐንዲስ» ቀርቶ «ሠላሳ ኪሎ» ሆንኩ። ሚስቴን ለማጨት ስሄድ አባቷ ስለ እኔ ያጠያየቁት በዚያ ስም ነው።

አያ ደሳለኝ ካረፉ ቆይተዋል። መጋዘኑም ከሱዳኑ ጦርነት በኋላ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ያንን ቀን ሳስበው የምስቀው በራሴ ነው። ስህተቱን ለማረም ደቂቃ አልፈጀም፤ ስህተቴን ለመደበቅ ግን ግማሽ ቀን ሠራሁ፣ ሰዎችንም ፀሐይ ላይ አቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ሳጠፋ ወዲያው «እኔ ነኝ» ማለት ተምሬያለሁ ብዬ እናገራለሁ። ሚስቴ ግን ይህን ስትሰማ ትስቅና «አይ ሠላሳ ኪሎ!» ትለኛለች።