መታወቂያ የማይጠየቅበት ቤት

መካነ ሰላም አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ሃያ ዓመቴ ነበር። ለስምንተኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምር ነበር፤ ስለ ሕግ የበላይነት ሰሌዳ ሙሉ እጽፋለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሆቴል ገባሁና ቢራ አዘዝኩ። ባለቤቲቱ መታወቂያ ጠየቀችኝ። አየችውና መለሰችልኝ።

"ሃያ አንድ አልሞላህም። ለስላሳ ላምጣልህ?"

"አስተማሪ እኮ ነኝ!"

"ቢሆንስ? ሕጉ አስተማሪ ይለፍ አይልም።"

ጎኔ የተቀመጡት የመንግሥት ሠራተኞች ሳቁብኝ። ለስላሳ መጠጣት ውርደት መሰለኝ፤ እንዲህ ያለሁ ጅል ነበርኩ። ተነሥቼ ከሆቴሉ ጀርባ አረቄ ከሚሸጡ እናት ቤት ሄድኩ። እዚያ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ዓይኔ የቤቱን ጨለማ ሲለምድ ግን አግዳሚው ላይ ሦስት ተማሪዎቼን አየሁ። ትልቁ አሥራ ስድስት ቢሆነው ነው። ደንግጠው የሚሮጡ መስሎኝ ነበር። ጭራሽ ጠጋ ጠጋ አሉልኝና "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ" አሉኝ።

መቆጣት ነበረብኝ። ተቀመጥኩ፤ ጠጣሁም። ሰኞ ክፍል ስገባ ሦስቱ ተያይተው ፈገግ አሉ።

ከወር በኋላ የከተማው ነዋሪዎች ስለ ወጣቶችና መጠጥ ለመነጋገር አዳራሽ ተጠራን። ወሬው ሁሉ ሃያ አንዱ ወደ አሥራ ስምንት ይውረድ፣ አይውረድ የሚል ሆነ። አንዱ ኃላፊ ትውልዱን ስለማዳን ረጅም ንግግር አደረገ፤ ድምፁ ለራሱ ጥሞት ነበር። እኔም አልተሻልኩም። እጄን አወጣሁና "አሥራ ስምንት የሞላው ይመርጣል፣ ያገባል፣ ጠመንጃ ይሸከማል። ቢራ ላይ ሲደርስ ነው ሕፃን የሚሆነው?" አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የተናገርኩት ስለ ፍትሕ አልነበረም፤ ያቺ የተከለከልኳት ቢራ ቆጭታኝ ነው።

ከኋላ አረቄ የሚሸጡት እናት ተነሡ።

"ኧረ እኔም ልናገር። ዕድሜ ልኬን አረቄ ሳወጣ ቤቴ መታወቂያ ይዞ የገባ ሰው አላየሁም። ልጆቹ እኔ ዘንድ ናቸው። የምበላው ስለሌለኝ እቀዳላቸዋለሁ፤ ኃጢአቴን አላጣሁትም። እናንተ ቁጥር ይዛችሁ ትሟገታላችሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ ያን ለታ ከተማሪዎችህ ጋር ስትጠጣ ዕድሜያቸውን ጠይቀሃቸው ነበር?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው ሳቁን አስቁሞ "ጥሩ አስተያየት ነው" አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ "የዕድሜ ገደቡ በሚመለከተው አካል ይጠና" ተብሎ ተጻፈ። ስለ ሴትዮዋ ቤት አንድ ቃል አልገባም። "ተነሡ፣ ሄደን ልጆቹን እናውጣቸው" ያለም አልነበረም።

ሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ ትልቁ ተማሪ ከክፍል ጠፋ። ጓደኞቹን ብጠይቅ "ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው፣ ቲቸር" አሉኝ። ሄጄ ላናግረው ወሰንኩ፤ የምለውንም አሰናዳሁ። ቅያሱ አፍ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም ተመለስኩ። ሴትዮዋ ያንኑ ጥያቄ እንዳይደግሙብኝ ፈራሁ። ለአዳራሽ የማያንሰኝ አፍ፣ ለአንድ ልጅ ጠፋኝ። በየጠዋቱ ስም ስጠራ ከስሙ ፊት "ቀሪ" ብዬ መጻፍ ብቻ ሆነ ሥራዬ። ፈተናው ደርሶ አለፈ፤ ልጁ አልተቀመጠም።