ከባሌስትራ የተሠራው ቢላዋ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲሸተኝ እግሬ ይያዛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ሸፍኖ በሚያልፍበት የጋራዥ በር ላይ እኔ ቆሜ እቀራለሁ፤ ሽታው ከአዲስ አበባ አንሥቶ ጁባ፣ ኒምራ ታላታ ሰፈር፣ ከቤታችን ጓሮ ያደርሰኛል። እዚያ ጓሮ አባቴ የቆርቆሮ በርና የውኃ ታንከር ማቆሚያ እየበየደ ይውል ነበር፤ ሰፈርተኛውም አበሻውም «በያጁ ታደለ» ይለው ነበር። እናቴ ማንም ቢጠይቀኝ «አባቴ በያጅ ነው» ብዬ እንድመልስ ከትንሽነቴ ጀምራ አስጠንታኛለች። ለምን ጥናት እንዳስፈለገው አልጠየቅኋትም፤ እንደ ስልክ ቁጥራችን ሁሉ፣ ብጠፋ የሚያስፈልገኝ ነገር ይመስለኝ ነበር።

በፈረንጆቹ 2016 በሐምሌ፣ ከተማው በተኩስ ሲናጥ፣ አማራት ሰፈር ወደሚገኘው የእትዬ አስካለ ሆቴል ሸሽተን ገባን። እትዬ አስካለ ድምፀ ጎርናና፣ ቁጣዋ ከግቢ ውጭ የሚሰማ፣ እጇ ግን የማይሰስት ሴት ነበረች። ዕቃ ቤቷ ውስጥ በሩዝ ጆንያዎች መካከል ተኮራምተን፣ ውጭ የሚያፏጨውን ጥይት እያዳመጥን፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እየበላን ሰነበትን። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከፍርሃት ብዛት እህል አልወርድ ሲለኝ እሷ ጉርሻዋን ጠቅልላ፣ አፌን እስክከፍት እጇን ዘርግታ ትጠብቀኝ ነበር። «ብዪ ሚሚ፣ ጥይት የሚፈልገው የራበውን ነው» ስትለኝ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ሳቄ ይመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ «እህቴ» እያለ ይጠራት ጀመር፤ አባቴ ደግሞ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ በቀላሉ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

ዝናቡ አልፎ አቧራው ሲነሣ፣ አባቴ ከሀይ ጀላባ ሰፈር አንድ የተሰበረ የጭነት መኪና ባሌስትራ ተሸክሞ መጣ። ለእትዬ አስካለ ትልቅ የሥጋ ቢላዋ ሊሠራላት ነበር። እናቴ ብረቱን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ፤ «በሰው አገር እንኳ አርፈህ ብትቀመጥ ምን አለ?» አለችው። እሱ ሄዶ የግቢውን በር ቆለፈ። የሚቀጠቅጠው የጎረቤት ጄኔሬተር ሲነሣ ብቻ ነበር፤ ጄኔሬተሩ ሲቆም እሱም መዶሻውን በአየር ላይ ይዞ ይቆም ነበር። ከተጣለ የፀጉር ማድረቂያ ወናፍ ሠርቶልኝ እኔ ከሰሉን አናፋለሁ፤ እሱ ብረቱን ይጠፈጥፋል፣ ይስለዋል፣ አግሎ ዘይት ውስጥ ሲከተው ጭሱ ሁለታችንንም ያስለናል። ከዚያ አጽድቶ እንደገና በቀስታ እያሞቀው፣ ጠርዙ ቢጫ እስኪል ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል። «አያትሽ ምን ይለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹ገለባ ሲመስል አውጣው!›» ይለኝ ነበር፣ የሽማግሌ ድምፅ እያወጣ። አባቴን እንደዚያ ሰሞን ደስተኛ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እጀታውን ከቲክ እንጨት ጠርቦ ከገጠመለት በኋላ ግን በሹክሹክታ፣ «ይኼ የእኔና የአንቺ ምስጢር ነው» አለኝ። እኔም ስጦታው እስኪሰጥ ድረስ ማለቱ ነው ብዬ በልቤ ያዝኩት።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ እትዬ አስካለ የሆቴሏን ሰዎችና እኛን ነጭ አባይ ዳር ልታሳድረን ጋበዘችን። የሆቴሉ ወጥ ቤት ሳምሶን ደውሎ «ካምፕ ልንወጣ ነው!» ቢላት እናቴ ደንግጣ ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ ጁባ ውስጥ ካምፕ ማለት የተፈናቀለ ሰው መጠለያ ነበር። «ደግሞ ምን ተፈጠረ?» ብላ ሻንጣ ልታወርድ ስትነሣ በሳቅ ፈረስን። የሄድነው የማንጎ ዛፍ ወዳለበት የታጠረ ግቢ ነበር፤ ድንኳኖቹን ከዛፎቹ ሥር ተከልን፣ እትዬ አስካለም ያስመጣችውን የበሬ ታፋ ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠለች።

አባቴ ቢላዋውን ከጆንያ ፈትቶ በሁለት እጁ ሲሰጣት ጎርናናው ድምፅ ጠፋባት። «ለእኔ ነው?» አለች፣ እንደ ልጅ። «ይፈተን! ይፈተን!» ብሎ ሳምሶን ጮኸ። አባቴ መጀመሪያ የክንዱን ፀጉር ላጨበት፤ ከዚያ የድንኳኑን ወፍራም ገመድ በአንድ ምት ቆረጠ። ደረቅ የማንጎ ግንድ እስኪሰነጠቅ ከተከተበት፣ የቅልጥም አጥንት ሰበረበት፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ክንዱን ላጨ፤ ስለቱ ንክች አላለም። የግቢው ዘበኛ፣ ጥርሳቸው የሳሳ የባሪ ጎሣ ሽማግሌ፣ ተቀብለው እያገላበጡ «ሳኪን ደ ኩወይስ!» አሉ፣ ቢላዋው ግሩም ነው ማለታቸው ነበር። ከዚያ ወደ ጥሬ ሥጋው ተዞረ። አባቴ ይቆርጣል፣ ሰው ሁሉ ይበላል፣ እትዬ አስካለ ሚጥሚጣ ነካ አድርጋ እኔን ታጎርሰኛለች።

«ከየት አገር አስመጣኸው በናትህ? የጀርመን ነው?» አለ ሳምሶን።

አባቴ ሥጋውን እየቆረጠ «ከገበያ አገኘሁት» አለ። ስጦታው ተሰጥቷል፣ ምስጢሩም አልቋል ብዬ ነበር። አባቴ የደከመበት ነገር የጀርመን ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አባቴ ነው የሠራው!» አልኩ፣ አፌ ሥጋ እንደሞላ። «እሳቱን እኔ ነኝ ያናፋሁት። አያቴ ነው ያስተማረው፤ አያቴ እኮ አገር ያወቀው ቀጥቃጭ ነበር።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ሳምሶን ሳቅ እንደጀመረው ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። እትዬ አስካለ ለእኔ የያዘችውን ቁራጭ ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰችው፤ ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሥጋውን ሸፈነችው። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ቡዳ ፊት ደግሞ ምግብ ይሸፈናል መባሉን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የዝንቡ ነገር አስቸግሯት መስሎኝ ጫፉን ላስተካክልላት እጄን ብዘረጋ ወደ ኋላዋ ሸሸች።

«ልጅቱ የምትለው እውነት ነው ታደለ?» አለች።

ልጅ ናት፣ ትቀባጥራለች ማለት ይችል ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ እትዬ አስካለም ያንን ቃል እንዲላት ዓይኗ ይለምነው ነበር። አባቴ ወደ እኔ አየ።

«ልጄ አትዋሽም» አላት።

ማታ ሌሎቹ የበሉት ጀርባቸውን ሰጥተውን ነው። ምን እንደተፈጠረ ያልገባቸው ዘበኛው ብቻ መጥተው አጠገባችን ተቀምጠው ከአባቴ ጋር በሉ። ጠዋት ድንኳን ሲነቀል እትዬ አስካለ ቢላዋውን በጆንያው ጠቅልላ ለእናቴ ሰጠቻት፤ «ሆቴሉ ቢላዋ ሞልቶታል፣ ለእናንተ ይሁን» ብላ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እናቴ ወባ ሲይዛት ክዳን ባለው ሳህን ሾርባ ትልክልን ነበር፣ መንገድ ላይም ሰላም ትለናለች። ከእኛ ጋር ግን ተቀምጣ በልታ አታውቅም፣ እኔንም ከዚያ ወዲያ አላጎረሰችኝም። አባቴ በነጋታው ወናፉን ፈታትቶ የፀጉር ማድረቂያውን ጣለው። አንድም ቀን አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ሲንደቀደቅ ሰምቼ ወደ ጓሮ ብሮጥ፣ ቁጭ ብሎ ባዶ እጁን ሲያይ አገኘሁት።

በ2018 እናቴና እኔ አዲስ አበባ ገባን፣ አባቴ እዚያው በር እየበየደ ቀረ። ቢላዋው ከእኛ ጋር ነው። እስከዛሬ አልዛገም፣ ስለቱም አልተነካ። ባለፈው ወር የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ቤት መጥተው ዳቦ ሲቆርሱበት አንደኛዋ ብርሃን ላይ አንሥታ እያደነቀች፣ «እንዲህ ያለ ቢላዋ ከየት አገኛችሁ?» አለችኝ።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ቆማ ነበር። ብዙ ጊዜ የምጸጸተው ያን ቀን አባይ ዳር ስለተናገርኩት ነው፤ ያኔ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የተናገርኩትም በአባቴ ኮርቼ ነው። አሁን ሃያ ሊሞላኝ ነው።

«ከገበያ ነው የተገዛው» አልኳት።