ዓይኔን ጨፍኜ የሄድኩበት ሐይቅ

ልጃችንን ኩፍኝ የወሰደብን ዳንግላ፣ ከገበያው ጀርባ በተከራየናት ቤት ሳለን ነው። ገና አፏን መፍታቷ ነበር። ባለቤቴ ጋሪ እየነዳ ሰውና ጭነት ያመላልሳል፤ እኔ ጥጥ እፈትላለሁ። ለቀስተኛው ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ ሐሳቤ አላሳርፍ አለኝ። ምነው ቶሎ ጠበል ወስጃት ቢሆን፣ ምነው ያን ቀን ብርድ ባይነካት እያልኩ ስቆዝም ክሩ ይበጠስብኛል፣ ወጡ ያርርብኛል። ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩን አያለሁ እንጂ የሚለውን አልሰማም።

በአጥር የምንዋሰን አንዲት አገው ባልቴት ነበሩ። ከዘንገና ሐይቅ አካባቢ መጥተው ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቃል ሲጠፋቸው በአገውኛ ይሞሉታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጡና እንዝርቱን ከእጄ ወስደው አስቀመጡት። ከዚያም አጎዛው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ ልጄ። አገሬ ልውሰድሽ» አሉኝ።

ዘንገናን አይቼው አላውቅም። እሳቸው ግን እጄን ይዘው መንገዱን እየነገሩ ወሰዱኝ። እዚህ ጋ ሣሩ ርጥብ ነው፣ ቀስ ብለሽ ርገጪ ይላሉ። እዚህ ጋ ጥላ አለ፣ ቁሚና ተንፍሺ ይላሉ። ሐሳቤ ወደ ልጄ ሲሸሽ ከእጄ ያውቁት ነበር መሰለኝ፣ ግድ የለም፣ ተመለሽ ይሉኛል እንጂ አይቆጡኝም። በጫካው መሐል ቁልቁል ወርደን ውኃው ዳር ስንደርስ ዝም ይላሉ። መጀመሪያ የእሳቸውን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ ቆይቶ የራሴን።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲቀልላቸው ብቅ ይሉ ጀመር። አንድ ቀን ልጄ ውኃው ዳር ተቀምጣ አየኋት። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ያየሁትንም ነገርኳቸው። ዓይንሽን ግለጪ አላሉኝም።

«አትያዢያት፣ አታባሪያትም። አጠገቧ ተቀመጪ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ያን ዕለት የበላሁት እህል ጣዕሙ ታወቀኝ።

ባለቤቴ ግን እንባ አላወጣም ነበር። ከሥራ ሲመለስ ፈረሱን ሲያሻሽ ያመሻል፤ ቤት መግባት ይከብደዋል። እባክህ አንተም ሞክረው ብዬ ለመንኩት። ባልቴቷን ስለሚያከብራቸው እሺ ብሎ ተቀመጠ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። ገና ጥቂት መንገድ እንዳስኬዱት ብድግ ብሎ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ የፈረሱን አንገት ተደግፎ አገኘሁት።

«ዓይኔን ስጨፍን የምሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው» አለኝ። «ተሸክሜያታለሁ። እዚያ እስክደርስ ከእጄ አትወርድም።»

ገብቼ ለባልቴቷ ነገርኳቸው። ባልቴቷም ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዳግመኛ ተቀመጥ አላሉትም።

እኔ እየዋልኩ እያደርኩ ተሻለኝ። አንድ ቀን ከደጃፍ ሆኜ ከጎረቤት ጋር ስስቅ ባለቤቴ ደረሰ። ቤት ከገባን በኋላ፣ ሳይቆጣ፣ አንቺስ ቀለለልሽ አለኝ። አልረሳኋትም አልኩት። አውቃለሁ አለ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተን። እንጅባራ ሥራ አገኘሁ ብሎ ይሄድ ጀመር። በሳምንት ይመጣ የነበረው በወር ሆነ። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ። ምን ቢያጣላችሁ ነው ብለው ሲጠይቁን ሁለታችንም ምንም አላጣላንም አልናቸው። እውነታችንን ነበር።

ሲሄድ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ተወልኝ። የጠየቀኝ የልጃችንን ቀሚስ ብቻ ነው። አውጥቼ ሰጠሁት። ኮቱ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ሸጉጦ ፈረሱን ነዳው።

ባልቴቷም ብዙ ሳይቆዩ አገራቸው ገቡ። ከዓመታት በኋላ ከእንጅባራ የመጣች ዘመዴ ባለቤቴ የነበረው ሰው ሴት ልጅ ወልዶ በልጃችን ስም እንደጠራት ነገረችኝ። ደስ የምሰኝ መስሏት ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኛል አልኳት። እሷ ስትወጣ በሩን ዘጋሁና፣ ያን ያህል ዘመን ከአፌ ያላወጣሁትን ስም ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁት።