የጋሼ ሸምሱ ተርኪ እና የሰጋቱራ ምድጃዬ

ልጄ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ ትልቅ ካርቶን ታቅፋ ገባች። ከውስጡ ክዳኑ መስታወት የሆነ የኤሌክትሪክ ድስት ወጣ። በፌስታል ደግሞ ሁለት የተርኪ፣ የዚያ የግዙፉ የፈረንጅ ዶሮ፣ እግር ይዛለች፣ በበረዶ ድርቅ ያለ።

«እማዬ፣ ይኸ ድስት ቀስ ብሎ ነው የሚያበስለው። ጠዋት ጥደሽ ትረሺዋለሽ፤ ማታ ሥጋው ራሱ ከአጥንቱ ይወርዳል» አለችኝ። አዲስ ነገር ያስተማረችኝ መስሏት ደስ ብሏታል። እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አባቷ ተፈራም ከወንበሩ ሆኖ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ልጅቷ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ እሱን ታያለች። ለካ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ መቱ፣ በተርኪ እግር እንደተዳርኩ ነግሬያት አላውቅም!

ተፈራ ከመቱ ብዙም የማትርቀው የቡሬ ልጅ ነው። ያኔ መቱ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ፣ እኔም በመሠረተ ትምህርት ጎልማሶችን ሳስተምር፣ በአንድ ጠመኔ ስንሻማ ተዋደድን። አባቱ አባባ ደገፉ ግን ነገሩን ሲሰሙ «የከተማ ልጅ መፈክር እንጂ ወጥ አታውቅም» አሉ። እሳቸው ደግሞ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ለታላቅ ልጃቸው ሚስት ሊያዩ ሁለት ቤት ሄደው፣ ሁለቱም ጋ በወጡ እንጀራ አጥቅሰው ሥጋውን እንዳለ ትተው ተነስተዋል ተብሎ ቡሬ ሙሉ ወሬ ነበር። ለእኔም መልእክት ላኩ፦ ፋሲካን መቱ አስቀድሰው እኛ ቤት ይገድፋሉ፤ ዶሮውን እኔው በእጄ እሠራለሁ፤ ከጣፈጣቸው የሠርግ ቀን ይቆርጣሉ፣ ካልጣፈጣቸው ተፈራ ሌላ ይፈልግ።

እንግዲህ ጉዴን ስሙልኝ፤ በዚያው ሰሞን ፈንግል ገባ። የዶሮ መቅሠፍት ነው፤ ጠዋት ስትጭር የነበረች ዶሮ ማታ ክንፏን ጥላ ትገኛለች። የሰፈሩ ቆጥ ሁሉ ባዶ ቀረ። አባቴ ገበያ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ዳሪሙ ድረስ ሰው ላከ፣ እዚያም ያው። ሚያዝያ ነበር። ዝናቡ ጀማምሮ፣ ቡናው አብቦ፣ አገሩ በሙሉ ደስ የሚል ሽታ ይሸታል። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ።

ልቅሶዬን የሰሙት ጎረቤታችን ጋሼ ሸምሱ ናቸው። ከወልቂጤ በኩል የመጡ፣ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ናቸው። አንዲት የውጭ አገር ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ የተወችላቸው ተርኪ ነበራቸው። ዶሮ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ከውሻ ጋር ተናንቆ የሚያሸንፍ ፍጡር ነው። አንገቱ ቀይ ስለሆነ የሰፈር ልጆች «ጓድ ተርኪ» ሲሉት ትልልቆቹ በድንጋጤ አፋቸውን ይይዟቸዋል። ፈንግሉም ምንም አላደረገውም።

«ውሰጂው ልጄ» አሉኝ ጋሼ ሸምሱ። «ሚስቴንም መውጫ መግቢያ ነስቷታል። አባትሽ ይረደው፤ እኔ ባልበላውም ሠርግሽ ላይ እጨፍርበታለሁ።»

እናቴ «ለመሆኑ ይበላል?» ብላ ስትጠራጠር፣ አባቴ ተርኪውን ከላይ እስከ ታች አየና «ይጭራል፣ ይጮኻል፣ ዶሮ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ቅዳሜ ማለዳ ታረደ። ስበልተው እግሩ ውስጥ ያለው ጅማት ቢላዋ አላስገባ አለኝ። እናቴ እጇን ላታስገባ ምላለች፤ የማድቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ዓይኗ ብቻ ይሠራል። ሽንኩርቱን አብስዬ፣ በርበሬውን አቁላልቼ፣ ቅቤውን ጨምሬ ሥጋውን ከተትኩ። ደረቱ እንደ ደንቡ ለሰለሰ። ታፋውና እግሩ ግን፣ እንጨት ብጨምር፣ ብቆሰቁስ፣ ወጡ ሊያር ሲደርስ እነሱ ጭራሽ ጠነከሩ።

«ምን ያንቀለቅልሻል፣ እሳቱን ቀንሺ! ሱታ፣ ሱታ!» ጮኸች እናቴ። ዘሯ ከሰሜን ቢሆንም መቱ ተወልዳ ያደገች ናትና ሲጨንቃት ኦሮምኛዋ ይቀድማል። ሱታ ማለት ቀስ ማለት ነው።

ያኔ የሰጋቱራ ምድጃችን ትዝ አለኝ። በዘይት ቆርቆሮ መሐል ጠርሙስ ታቆማላችሁ፣ ዙሪያውን ከአናጢ ቤት ያመጣችሁትን ሰጋቱራ ጠቅጥቃችሁ ትሞላላችሁ፣ ጠርሙሱን ስትነቅሉት ቀዳዳ ይቀራል። ከታች ከለኮሳችሁት ያለ ነበልባል፣ እፍ ሳትሉት፣ ሲግም ይውላል። እኛ የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ነበር የምንጥድበት። ለበዓል ወጥ ማን አስቦት! እኔ ግን ያን የመሰለ በቆሎ ያፈነዳ ምድጃ ተርኪ አያቅተውም ብዬ ድስቱን አዛወርኩት።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። መብሰሉን ማን ይቅመስልኝ? ቤተሰቡ በሙሉ ጾመኛ ነው፣ ጨውን እንኳ በሽታ ነው የምናውቀው። ጋሼ ሸምሱ ደግሞ የክርስቲያን እርድ አይበሉም። እናቴ ድንገት ጉልበቷን መታ አደረገችና «ጓድ አሰፋስ?» አለች።

ጓድ አሰፋ የቀበሌያችን ካድሬ ነው። በየውይይቱ «ጾም ምርት ይጎዳል!» እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። አንድ ቁራጭ ታፋ በሳህን ሸፍኜ ቤቱ ሄድኩ። ስገልጠው ፊቱ ተለዋወጠ። ቶሎ ብሎ በሩን ዘጋ።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ነው የላከሽ?»

«እናቴ ናት። መብሰሉን እንዲቀምሱልኝ ነው፣ ጓድ።»

በመስኮቱ ብቅ ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ እኮ... ከትናንት ጀምሮ አክፍያለሁ። ውኃም አልቀመስኩ። እናቴ ቃል አስገብታኛለች። እባክሽ እህቴ፣ ለሰው እንዳትናገሪ!»

እኛ እንኳ ቁርስ ብቻ ነበር ያለፍነው! «ጓድ፣ እኔ ምኑን አየሁት?» አልኩና ሽታው እንዳይፈትነው ሳህኑን ሸፍኜ ሮጥኩ። እናቴ ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ችግሬ እንዳለ ነው። መብሰሉን ማወቅ ስላልቻልኩ ሁለተኛ ቆርቆሮ ሰጋቱራ ለኮስኩ፣ የድስቱን ክዳን በሊጥ ደፈንኩ፣ ለፈጣሪ ሰጥቼው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ሲነጋጋ አባባ ደገፉ ከተፈራ ጋር መጡ። ጫማቸው በቡሬ መንገድ ጭቃ የተለሰነ ነው። የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ሰላም አሉን፤ ኩራት መሰለኝ። እናቴ እንግዳ ሳይቀምስ ማንም አይገድፍም ብላ ስለነበር እስከዚያች ሰዓት ወጡ በማንም አፍ አልገባም።

ሊጡን ሰብሬ ታፋውን ስጨልፍ አጥንቱ ብቻውን፣ ራቁቱን ወጣ። ደገምኩ፤ ያው አጥንት። ዶሮ ሲቀርብ እያንዳንዱ ብልት ቅርጹን ይዞ መታየት አለበት። ብልቱ የጠፋበት ወጥ ያቀረበች ሴት ባለሙያ ተብላ አትጠራም፤ አባባ ደገፉ ደግሞ ይህን ሊያዩ ነው ከቡሬ የመጡት። ተፈራን አጣሁት አልኩ።

«አቅርቢው፣ ምን ታደርጊ» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ።

አቀረብኩ። አባባ ደገፉ ባርከው አንድ ጎረሱ። ሌላ ጎረሱ። በሦስተኛው ጋቢው ከአፋቸው ወረደ፣ እሳቸውም አልመለሱትም። ፊት ለፊት አንድም ጥርስ የላቸውም!

«ልጄ፣ ይኸ ሥጋ ነው?»

«ሥጋ ነው አባባ። አጥንቱ አምልጦኝ ነው...»

«አጥንቱን ተዪው! ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ታፋ በላሁ የምለው ዛሬ ነው። በሰው ቤት እየቀረበልኝ፣ ማኘክ አቃተኝ ማለት አፍሬ አልጣፈጠኝም ስል ኖርኩ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ያን ባዶ አፋቸውን ከፍተው ቤቱን በሳቅ አናጉት። «በሉ፣ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን!»

«ኧረ አባባ፣ ድግሱ አይደርስም» አለች እናቴ።

«ይድረስ! ምድጃውንም ይዛ ትምጣ!»

ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ሸምሱም ቃላቸውን ጠብቀው ጨፈሩ።

ይህን ለልጄ አውርቼላት ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። የኤሌክትሪኩ ድስት ጭጭ አለ፣ የተርኪው እግርም ገና ጥሬ ነው። ልጄ ተናደደች። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ ጥብስ ባቀርብ ቅቅል ባቀርብ፣ ተፈራ መረቁን ብቻ አጥቅሶ «ሆዴ አልተመቸኝም» ይለኛል። እጄን የጠላ መስሎኝ ተቀይሜው ነበር። ዛሬ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ማድረጉ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። አዬ እኔ! አባቱን በአንድ ጠዋት ደርሼባቸው እሱን ሳላየው ቀረሁ።

ልጄን በባጃጅ የቤት ዕቃ ወደሚሠሩት አናጢዎች ላክኋትና አንድ ማዳበሪያ ሰጋቱራ አስመጣሁ። የዘይት ቆርቆሮ ፈልጌ መጠቅጠቅ ጀመርኩ።

«ምነው፣ መብራቱ ይመጣ የለ እንዴ?» አለኝ ተፈራ።

«ይምጣ አይምጣ፣ ያንተን ታፋ የማበስለው እኔ ነኝ። ሱታ በል፣ ይደርሳል» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ እጁን ከአፉ አነሳና ልክ እንደ አባቱ ሳቀ።