ቀይ ክር የታሰረበት ሽቦ

እህቴ ግትር ናት። እያማኋት አይደለም፤ ፊቷም እለዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የመኪና ኤሲ ስትጠግን "ጋዝ ሞልተሽ ሸኚ" ሲሏት አንድ ቀን እንኳ እሺ ብላ አታውቅም። በምንሠራበት ጋራዥ ደግሞ ደንቡ ይኸው ነበር። ሙቅ አየር የሚነፍስ መኪና ሲመጣ ጋዝ ይሞላል፣ ባለመኪናው ይሄዳል፣ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ይሞላል። እሷ ግን የፊተኛው ጋዝ የት እንደገባ ሳታውቅ ጠብታ አትጨምርም። በዚህ የተነሳ ባለጋራዡ ዓይንሽን ላፈር የሚልበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። እኔ ታናሿ በሩ ሥር ተቀምጬ የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና እመዘግባለሁ፤ ስለዚህ ያየሁትን ነው የማወራው።

አንድ ረፋድ ላይ ጡረታ የወጡ መምህር አሮጌ መኪናቸውን ይዘው መጡ። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ባለቤታቸው በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸውን ለመታጠብ ሆስፒታል ይመላለሳሉ፤ ሲወጡ አቅም ስለማይኖራቸው የመኪናው ሙቀት ያስመልሳቸዋል።

"በሦስት ወር ውስጥ እዚሁ ሦስት ጊዜ ጋዝ ተሞላልኝ፤ ያው ነው" አሉ። አልተቆጡም። እኔን ያናደደኝ አለመቆጣታቸው ነው።

"ሙዪላቸውና ይሂዱ" አለ ባለጋራዡ ከቢሮው ደጃፍ።

"አልሞላም፣ ጋሼ። ሌሎቹ ሦስቴ የሞሉት የት ገባ?"

"ወይ ሙዪ፣ ወይ ዕቃሽን ሰብስበሽ ውጪ።"

ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ሥራ ነው። ሌላ ጋራዥ ሴት መካኒክ በቀላሉ እንደማይቀበል እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኮፈኑን ከፈተች።

ጋዙን ለካችው። ጎድሎ ሳይሆን ከልኩ አልፎ ተርፏል።

"መምህር፣ የሚሞቀው ቆመው ነው ወይስ እየሄዱ?"

"መብራት ላይ ስቆም እሳት ነው፤ ስነዳ ይሻለዋል። ይህንን የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ልጄ።"

ወደ እኔ መጥታ ከመዝገቤ ላይ ባዶ ገጽ ገነጠለችና ሞተሩን አስነስታ መኪናው ፊት ላይ ያዘችው። ከፊት ያለው ማራገቢያ አየር ከውጭ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት፤ ደህና ቢሆን ወረቀቱ እዚያው ልጥፍ ይል ነበር። ወረቀቱ ግን ከእጇ አምልጦ በረረ። ማራገቢያው የሚዞረው ወደ ኋላ ነበር። የሞተሩን ትኩሳት መልሶ ማቀዝቀዣው ላይ ይነፋበታል። ሽቦዎቹን ያገናኘው ሰው አቀያይሯቸዋል ማለት ነው።

ጎንበስ ብላ ሽቦዎቹን አየች። ከዚያ ቀና ሳትል እዚያው ቀረች። እህቴ የጀመረችውን ሥራ ስታቆም ደግ ነገር አይደለምና ተነስቼ ሄድኩ። መገናኛው ላይ ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ከፕላስተሩ በላይ ቀይ ክር ሦስት ዙር ታስሯል። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ፕላስተሩ በሙቀት እንዳይላላ ብሎ በቀይ ክር የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው። ማራገቢያውን ከሦስት ወር በፊት የቀየረችው ራሷ ነበረች፤ በየቀኑ ስንት መኪና ስለሚገባ እሷም እኔም ረስተነው ነበር። የአዲሱ ማራገቢያ የሽቦ ቀለም ከአሮጌው የተገላቢጦሽ ኖሮ፣ ቀለሙን ተማምና ወዴት እንደሚዞር ሳታይ ዘግታዋለች።

ባለጋራዡም አጠገባችን ደርሶ ክሩን አየው። ዓይኑን በጨው አጥቦ በጆሯችን አንሾካሾከ።

"ሽቦውን አስተካክዪና የተበላሸው ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰር ነበር በያቸው። የቀረውን ሆድ ይፍጀው። ሥራሽም አይነካም።"

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ራሴ እሺ በዪ ብዬ በዓይኔ ለመንኳት። ልጆቿ ናቸው የታዩኝ።

"ሞቼ እገኛለሁ" አለችው። ከዚያ ጋራዡ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች። "መምህር፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይህ ቀይ ክር የእኔ ነው። ባለቤትዎን ሦስት ወር ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

መምህሩ ጎንበስ ብለው ክሩን አዩና "አስተካክዪው" አሉ እንጂ ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም።

ክሩን ቆረጠች፣ ሽቦዎቹን አቀያየረች፣ እንደ ልማዷ መልሳ በቀይ ክር አሰረች። ወረቀቱን ከወደቀበት አንስታ ለእሳቸው ሰጠቻቸው። መኪናው ፊት ላይ ሲያስጠጉት ልጥፍ ብሎ ቀረ። ባለጋራዡ በጣቱ በሩን አሳያት። ዕቃዋን ሰብስባ፣ አንገቷን ሳትደፋ ወጣች።

በማግስቱ ልክ በሥራ መግቢያ ሰዓት የሥራ ልብሷን ለብሳ መጣች፤ ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ የዕቃ ሳጥኗ ላይ ተቀመጠች። እኔ ውስጥ ጥላ ሥር ነበርኩ። አፈርኩ።

እኩለ ቀን ላይ፣ የሚያልፈው መኪና ሁሉ መስኮቱን ወለል አድርጎ ሲሄድ፣ አንድ መስኮቱን ጥርቅም ያደረገ አሮጌ መኪና መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ከመምህሩ ጎን ባለቤታቸው እስከ አገጫቸው ሻርፕ ደርበው ተኝተዋል። ከኋላቸው ጎረቤታቸው በላብ ተጠምቀው የራሳቸውን መኪና ይዘው ተከትለዋል።

"ከበሬ ላይ ተነሺ" አለ ባለጋራዡ ብቅ ብሎ።

"በሩ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ። መንገዱ የእርስዎ አይደለም።"

መዝገቤን ይዤ ተነሳሁ። ባለጋራዡን አልፌው ወጣሁና አንድ ባዶ ገጽ ገንጥዬ ለእህቴ ሰጠኋት። እሷም ለጎረቤትየው አቀበለቻቸው።

"ይያዙት" አለቻቸው። "መጀመሪያ እርስዎ በዓይንዎ ይዩ።"