ለሚቀጥለው ተከራይ

ቀለም ቀቢው ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሲገባ ልጁ ገና ዳዴ ትል ነበር። አሁን ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች። ከውሃው ታንከር ጎን ያለችው ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ አልጋውን ያለፈ ሰው ጠረጴዛው ይገጨዋል። ቢሆንም ለምደዋታል። ሚስቱ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት በጽዳት ትሠራለች፤ ልጅቱም እዚያው ትማራለች። እናትና ልጅ አብረው በእግር ሄደው አብረው ይመለሳሉ። እሱ ሥራ ሲጠፋ ብሩሹን በፌስታል ጠቅልሎ መንታ መንገዱ ላይ ከአናጢዎቹ ጋር ሥራ ሲጠብቅ ይውላል። ጸጉሩ ከነጭ ቀለም ጠርቶ ስለማያውቅ፣ «አንተ እኮ ሽበት እንኳ በነጻ ያገኘህ ሰው ነህ» እያሉ ይቀልዱበታል።

ጡረተኛው ሽማግሌ የግቢው ባለቤት በነበሩበት ዘመን ኪራይ ቢዘገይም፣ እስቲ ስታገኝ ታመጣለህ ብለው ያልፉት ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ግቢው ለሴት ልጃቸው ደረሰ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማትም የለም። መጀመሪያ ኪራይ የጨመረችው ከተከራዮቹ በአንዷ፣ በልብስ ሰፊዋ ላይ ነው። ሰፊዋ አቅም ሲያንሳት የስፌት መኪናዋን አሸክማ ወጣች። ክፍሉ መታደስ ነበረበትና አከራይዋ ቀቢውን ጠርታ፣ ባዳ ከማመጣ አንተ ሥራውና ከኪራይህ ላይ እቀንስልሃለሁ አለችው።

እሱም ደስ እያለው ገባበት። ሚስማሩን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ፣ ግድግዳውን እንደ እንቁላል አለሳልሶ አስረከበ። አዲሱ ተከራይ አይቶ ያለ ክርክር ተስማማ። ቀጥሎ ሹፌሩ ወጣ፤ ከዚያ ሁለቱ ወንድማማቾች። አንዱ በወጣ ቁጥር ቀቢው ይጠራል፤ እሱ በቀባ ቁጥር ኪራዩ ይንራል።

ቀድማ የነቃችው ሚስቱ ናት። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ጎረቤት እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቤቱን እያሳመርክ ሰዉን እያስወጣህ ነው» አለችው። እኔ ባልቀባው ሌላ ይቀባው የለም ወይ ብሎ ተከራከራት። እውነቱን ነው። ግን ከዚያ ወዲህ የለቀቁትን ሰዎች መንገድ ላይ ሲያይ ወደ ማዶ መሻገር አመጣ።

ተራው ሲደርስ አከራይዋ ራሷ መጣች። ተቀመጪ ብትባልም በሩ ላይ እንደቆመች የአባቷ የሕክምና ዕዳ እንዳላለቀ ነገረችውና አዲሱን ኪራይ ጠራችለት። የእሱና የሚስቱ ገቢ ተደምሮ ለኪራዩ ብቻ እንኳ አይበቃም።

«እህቴ፣ ይሄን ከየት አመጣዋለሁ?»

«ይገባኛል ወንድሜ። ግን ሌላው በዚህ ዋጋ እየገባ አንተን ብቻ እንዴት ልተውህ? ግቢው እኮ ድሮ የምናውቀው አይደለም፤ አንተው ነህ ያሳመርከው።»

እሷ ይህን ያለችው ልታመሰግነው ብላ ነበር።

ከደላላ ደላላ ዞረ። ልጅ አለህ ሲሉት አዎ ካለ ፊታቸው ቅጭም ይላል፤ ቅጭም የማይለው ደግሞ የብዙ ወር ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። በመጨረሻ የተገኘችው ከከተማው ጫፍ፣ አውቶቡሱ ከሚዞርበትም አልፎ፣ በቆርቆሮ የተከለለች ክፍል ናት። ሚስቱ ከዚያ ተነስታ ለጠዋት ጽዳት መድረስ ስለማትችል ሥራዋን ለቀቀች። ልጅቱም ትምህርቷ እንዳይቋረጥ አክስቷ ዘንድ እንድትቆይ ተወሰነ። ለጊዜው ነው ብሎ አጽናናት።

ዕቃ ሲሸክፉ አከራይዋ የሚለቋትን ክፍል ቀብቶላት እንዲሄድ ለመነችው። አሁን የሚቀነስ ኪራይ ስለሌለ ገንዘቡን በእጁ ትሰጠዋለች።

«ልትቀባላት ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ዕቃውን በምን ላስጭነው?»

አልጋውን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረገችለት።

ቀባው። ልጅቱ አልጋው ላይ ሆና ስታጠና ጭንቅላቷን የምታስደግፍበት የግድግዳው ቦታ የጸጉር ቅባት ጠጥቶ ኖሮ፣ በላዩ ቢደራርብበትም ወዙ ቀለሙን ሰብሮ እየወጣ አስቸገረው። በሳሙና አጠበው፤ ፋቀው፤ ስቱኮ ለቅልቆ እንደገና ቀባው። ጠፋ። ክፍሏን ሊያይ የመጣው ወጣት፣ እርጥበት አላት ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ የለባትም፣ ጥሩ ክፍል ናት አለው። አልዋሸውም።

አዲሱ ሰፈር ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ ቀለም የሚያስቀባ የለም። መንታ መንገዱ ድረስ ልሂድ ቢል የትራንስፖርቱ ወጪ የቀን ገቢውን ይበላዋል። ስለዚህ አብዛኛውን ቀን እቤት ይውላል፤ ሚስቱም እንደዚያው። ማታ ማታ ልጅቱ ትደውላለች። መቼ ነው የምትወስዱኝ ስትል እናቷ ስልኩን ለእሱ ታቀብለዋለች፤ እሱም መልሶ ለእሷ።